በዲሲ በሚሠሩ ሞዴል ሎኮሞቲቮች ላይ የኤልኢዲ የፊት መብራት ስለ መግጠም

ጥያቄ — ሐዲድ87

ሰላምና ጤና ለመድረኩ ተሳታፊዎች። በ1፡87 ሚዛን የተሠራና ዕድሜው የገፋ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሞዴል አለኝ። ከፊቱና ከኋላው ያሉት መብራቶች ባለ 12 ቮልት ትንንሽ የክር አምፖሎች ናቸው። የኋላው ተቃጥሏል፤ የፊቱ ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ሲበራ በላዩ ያለውን የፕላስቲክ ቀፎ እስኪያለሰልሰው ድረስ ይግላል። ስለዚህ ሁለቱንም አውጥቼ በኤልኢዲ ልተካቸው ወስኛለሁ።

ባቡሩ የሚሄደው በተለመደው የዲሲ (ቀጥተኛ ኮረንት) መቆጣጠሪያ ነው፤ ማዞሪያው በሐዲዱ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ የአቅጣጫ መቀየሪያው ደግሞ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን ያለዋውጣል። በመስመሬ ላይ ያሉት ሌሎች ሎኮሞቲቮችም በዚሁ መንገድ ስለሚሠሩ ወደ ዲጂታል የመለወጥ ሐሳብ የለኝም።

ለማወቅ የምፈልገው የሚከተለውን ነው። ቮልቴጁ በየጊዜው በሚለዋወጥበት መስመር ላይ የሬዚስተሩን (ኮረንት የሚገድበውን ክፍል) መጠን በምን ላይ ተመሥርቼ ልምረጥ? ባቡሩ ወደኋላ ሲሄድ ኤልኢዲው የሚደርስበትን የተገላቢጦሽ ቮልቴጅ እንዴት ልከላከልለት? ወደፊት ሲሄድ የፊቱ፣ ወደኋላ ሲሄድ የኋላው ብቻ እንዲበራ ማድረግስ ይቻላል? በመጨረሻም፣ ባቡሩ ቀስ ብሎ ሲሄድ መብራቱ እንዳይደክም የሚደረግ ነገር ካለ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።


መልስ — ብርሃንና ሽቦ

አስቀድሜ አንድ መነሻ ሐሳብ ላስቀምጥ፤ ምክንያቱም በዲሲ ባቡር ላይ የሚገጥመው የመብራት ችግር በሙሉ ከዚህ የሚመነጭ ይመስለኛል። በሐዲዱ ላይ ያለው አንድ ቮልቴጅ ሦስት ሥራ ይሠራል፤ በመጠኑ ፍጥነትን ይወስናል፣ በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ አቀማመጡ አቅጣጫን ይወስናል፣ በተጨማሪም መብራቱን ያበራል። የክር አምፖል ኮረንቱ በየትኛውም አቅጣጫ ቢመጣበት ግድ የለውም፣ የሚወስደውንም ኮረንት በራሱ ክር ይገድባል። ኤልኢዲ ግን ኮረንቱን ሌላ ነገር እንዲገድብለት ይፈልጋል፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሠራል፣ ከመነሻ ቮልቴጁ በታችም ጨርሶ አይበራም። እነዚህን ሦስቱን ካስተካከሉ የቀረው የእጅ ሥራ ነው።

ሬዚስተሩ የሚሰላው በከፍተኛው ቮልቴጅ ነው። ነጭ ኤልኢዲ ሲበራ በራሱ ላይ 3 ቮልት አካባቢ ያስቀራል፤ ቀይ ከሆነ 2 ቮልት ገደማ ነው። ከፍተኛው ቮልቴጅ 12 ከሆነ ለሬዚስተሩ የሚተርፈው 9 ቮልት ነው፤ ይህም በ1 ኪሎኦም ሬዚስተር ሲካፈል 9 ሚሊአምፔር ይሆናል። የተለመዱት ትንንሽ ኤልኢዲዎች ያለማቋረጥ የሚችሉት 20 ሚሊአምፔር ስለሆነ በቂ መጠባበቂያ አለ። ቮልቴጁ ወደ 5 ሲወርድ ኮረንቱ ወደ 2 ሚሊአምፔር ይወርዳል፤ የዛሬ ነጭ ኤልኢዲዎች በዚህም ኮረንት በግልጽ ይበራሉ።

ነገር ግን በመቆጣጠሪያው ላይ 12 ተብሎ መጻፉን ብቻ ይዘው አያስሉ። ብዙዎቹ ቆየት ያሉ መቆጣጠሪያዎች ጭነት በሌለባቸው ጊዜ ከተጻፈባቸው በላይ ይሰጣሉ። ስለዚህ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ ባቡሩን ከሐዲዱ ላይ አንሥተው በመልቲሜትር ይለኩ። ለምሳሌ 17 ቮልት ካገኙ በ1 ኪሎኦም በኩል 14 ሚሊአምፔር ያልፋል። ኤልኢዲው ይህን ይችለዋል፤ ሬዚስተሩ ግን 0.2 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ስለሚያወጣ የሩብ ዋቱ ወደ ገደቡ ይደርሳል። እንዲህ ባለ ጊዜ 1.5 ኪሎኦም የተሻለ ምርጫ ነው፤ ኮረንቱ ወደ 9 ሚሊአምፔር፣ ሙቀቱም ወደ 0.13 ዋት ይመለሳል።

የተገላቢጦሽ ቮልቴጅንና የአቅጣጫ መብራትን በተመለከተ ሁለቱ ጥያቄዎችዎ አንድ መልስ አላቸው። አብዛኞቹ ኤልኢዲዎች በተገላቢጦሽ እንዲችሉ የተሠሩት 5 ቮልት ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሙሉ የሐዲድ ቮልቴጅ በተገላቢጦሽ ሊደርስባቸው አይገባም። የፊቱንና የኋላውን ኤልኢዲ የአንዱን አኖድ (ፖዘቲቭ እግር) ከሌላው ካቶድ (ኔጌቲቭ እግር) ጋር እያገጣጠሙ ጎን ለጎን ያገናኟቸው፤ ከዚያም ለሁለቱ አንድ ሬዚስተር በተከታታይ ይግቡላቸው። የፊቱ ሲበራ በሁለቱ ላይ ያለው ቮልቴጅ 3 ብቻ ስለሚሆን የኋላው የሚደርስበት የተገላቢጦሽ ቮልቴጅም ከዚያ አያልፍም፤ አቅጣጫው ሲቀየርም እንዲሁ ነው። አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፣ በጉዞው አቅጣጫ ያለው ብቻም ይበራል።

የትኛው እግር ወደ የትኛው ሐዲድ እንደሚሄድ ለማወቅ በ1935 የተመሠረተው የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ብሔራዊ ማኅበር ያወጣውን ደረጃ ይከተሉ፤ በዚያ መሠረት ፖዘቲቩ በጉዞው አቅጣጫ በስተቀኝ ባለው ሐዲድ ላይ ሲሆን ሎኮሞቲቩ ወደፊት ይሄዳል። ስለዚህ የፊቱ ኤልኢዲ አኖድ በስተቀኝ ካለው ሐዲድ ወገን ይሆናል። ሎኮሞቲቩ ከዚህ ቀደም ተፈትቶ ሞተሩ በተቃራኒው ተገናኝቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመበየድዎ በፊት በሐዲዱ ላይ አስኪደው ያረጋግጡ።


መልስ — ቀይ ምልክት

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ። ሆኖም ጥንድ ኤልኢዲዎችን በአንድ ሬዚስተር ማገናኘት ለሁሉም ሁኔታ እንደማይሆን ማንሣት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰዎች የሚቸገሩት ሦስተኛ መብራት ሲጨምሩ ነውና።

ሎኮሞቲቩ ወደፊት ሲሄድ ከፊቱ ነጭ፣ ከኋላው ቀይ መብራት እንዲበራ ፈለጉ እንበል። ነጩንና ቀዩን በአንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን አድርገው በአንድ ሬዚስተር ካገናኟቸው ነጩ አይበራም። ቀዩ 2 ቮልት ላይ መብራት ሲጀምር ቮልቴጁን እዚያው ያቆመዋል፤ ነጩ የሚፈልገው 3 ቮልት ፈጽሞ አይደርሰውም። በተከታታይ ቢያገናኟቸው ሁለቱም ይበራሉ፤ ነገር ግን 5 ቮልት እስኪሞላ ድረስ አንዳቸውም አይታዩም። ትክክለኛው መንገድ ለእያንዳንዱ የየራሱን ሬዚስተር መስጠት ነው። በአንድ ግንባር ላይ ሁለት ነጭ መብራቶች ያሉት ሎኮሞቲቭም ቢሆን ለየብቻ ቢሰጣቸው ይሻላል፤ የአንድ ዓይነት ኤልኢዲዎች እንኳ በመነሻ ቮልቴጅ ጥቂት ስለሚለያዩ አንዱ ደምቆ ሌላው ሊደክም ይችላል።

አንድ መብራት ብቻ ላለው ሎኮሞቲቭ ደግሞ በሁለተኛው ኤልኢዲ ፈንታ 1ኤን4148 የተባለውን ትንሽ ዳዮድ (ኮረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል) በኤልኢዲው ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ጎን ለጎን ይበይዱ። ባቡሩ ወደኋላ ሲሄድ ኮረንቱ በዳዮዱ ያልፋል፣ በኤልኢዲው ላይ የሚቀረው የተገላቢጦሽ ቮልቴጅም 0.7 ገደማ ብቻ ይሆናል። ዳዮዱን በተከታታይ ማስገባትም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በዝቅተኛ ፍጥነት የሚፈለገውን 0.7 ቮልት ስለሚበላ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

አሁን ስለ ሻንሲው፣ ማለትም ሞተሩና መንኮራኩሮቹ ስለተገጠሙበት የታችኛው አካል። ሎኮሞቲቩን ከመንካትዎ በፊት ኮረንቱ ከመንኮራኩሮቹ ወደ ሞተሩ በየት በኩል እንደሚደርስ ይከታተሉ። በአንዳንዶቹ የብረቱ ሻንሲ በሙሉ የአንደኛው ሐዲድ መስመር ነው። በሌሎቹ ሻንሲው ለሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ ግራው አንዱን ቀኙ ሌላውን ሐዲድ ይዞ በመካከላቸው ኮረንት የማያስተላልፍ ፕላስቲክ ይለያቸዋል። በሁለቱም ዓይነት ያልተሸፈነ የኤልኢዲ እግር ብረቱን ከነካ ሬዚስተሩን ዘልሎ ሙሉ ቮልቴጅ ሊያገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ኤልኢዲው ወዲያውኑ ይቃጠላል። እግሮቹን በሙቀት በሚኮማተር ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይሸፍኑ። ተራ ናስትሮ ሞተሩ ሲግል ሙጫው ስለሚለቅ፣ ከሞተሩ አጠገብ ሙቀት የሚችለውን ብጫማ የካፕተን ናስትሮ መጠቀም ይመረጣል። ሬዚስተሩን ከኤልኢዲው አኖድ አጠገብ ቆርጠው መበየድዎም ይጠቅማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሽቦ አንድ ቦታ ቢላጥ እንኳ ኮረንቱ በሬዚስተሩ ማለፉ አይቀርም።

በአሮጌው ሰሌዳ ላይ አምፖሎቹ የተገናኙባቸውን ነጥቦች ሳይለኩ አይመኑ። አንዳንድ ሎኮሞቲቮች ለ1.5 ቮልት አምፖሎች ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ከዚያ ነጥብ ነጭ ኤልኢዲ ማብራት ስለማይቻል ሽቦውን በቀጥታ ከመንኮራኩሮቹ ከሚመጣው መስመር መውሰድ ያስፈልጋል። ሞተሩ ላይ የሬዲዮ ረብሻ ለመቀነስ የተበየዱትን ትንንሽ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) እና የሽቦ ጥቅልሎች ግን አይንኩ፤ ከመብራቱ ጋር ግንኙነት የላቸውም።


ሐዲድ87

ለሁለታችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። እንደተባለው ለክቼ ጭነት በሌለበት 17 ቮልት አገኘሁ። ጥንዶቹን ኤልኢዲዎች በ1.5 ኪሎኦም ጠረጴዛ ላይ ሞክሬያቸው በአቅጣጫ በትክክል ይፈራረቃሉ። ሎኮሞቲቩ መንቀሳቀስ የሚጀምረው 4 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ነው፤ በዚያ ጊዜ መብራቱ ይታያል፣ ግን ደካማ ነው። ሌላም ያየሁት ነገር አለ። በክር አምፖሉ ጊዜ ያላስተዋልኩት ብልጭ ድርግም ማለት በሐዲዱ መጋጠሚያዎች ላይ ይታያል። ምክንያቱ ምንድን ነው?


መልስ — የመጨረሻው ፉርጎ

ከብልጭታው ልጀምር። የክር አምፖል ኮረንቱ ለአፍታ ቢቋረጥ ክሩ እንደጋለ ስለሚቆይ መቋረጡ አይታይም፤ ኤልኢዲ ግን ኮረንቱ በቆመበት ቅጽበት ይጠፋል። ስለዚህ ያዩት ነገር አዲስ ጉድለት ሳይሆን ድሮም የነበረውን ደካማ ግንኙነት ነው። በመጀመሪያ መንኮራኩሮቹን፣ ከመንኮራኩሮቹ ኮረንት የሚቀበሉትን የመዳብ ምላሶችና ሐዲዱን በንጹሕ አልኮል ይጥረጉ። ይህ ለሞተሩም ስለሚጠቅም ካፓሲተር ከመጨመር መቅደም አለበት ባይ ነኝ።

ከጽዳቱ በኋላም የሚቀር ብልጭታ ካለ፣ ለእያንዳንዱ ኤልኢዲ የየራሱን መስመር ይሥሩለት፤ ከሐዲዱ በኩል አንድ 1ኤን4148 ዳዮድና 100 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ፣ ከዚያ 220 ማይክሮፋራድ ባለ 25 ቮልት ካፓሲተር፣ ከካፓሲተሩ በኋላ 1.5 ኪሎኦሙና ኤልኢዲው ይመጣሉ። ይህን ያህል ካፓሲተር በ1.5 ኪሎኦም በኩል ሲራገፍ የሰከንድ ሲሶ ያህል ይቆያል፤ የመጋጠሚያ ክፍተት ከዚያ እጅግ ያጠረ ነው። ዳዮዱ ሁለት ጥቅም አለው፤ በተገላቢጦሽ ቢገባበት ሊፈነዳ የሚችለውን ካፓሲተር ይጠብቀዋል፣ የተጠራቀመውም ኮረንት ወደ ሞተሩና ወደ ሐዲዱ እንዳይመለስ ያግደዋል። ካፓሲተሩን ያለ ዳዮድ በቀጥታ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ማስገባት ግን ፈጽሞ አይገባም።

ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት እንምጣ፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚገባው ይህ ነው። ሬዚስተር ኮረንትን ይገድባል እንጂ አያረጋጋም። በእርስዎ ሁኔታ በ1.5 ኪሎኦም በኩል 5.5 ቮልት ላይ 1.7 ሚሊአምፔር፣ 17 ቮልት ላይ 9 ሚሊአምፔር ያልፋል። የሚፈለገው ቮልቴጁ ምንም ያህል ቢለዋወጥ ተመሳሳይ ኮረንት የሚያሳልፍ ነገር ነው። ለዚህ ኤልኤም317 የተባለውን ትንሽ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ክፍል የሚጠቁሙ ሰዎች አሉ፤ እሱ ግን ለራሱ 3 ቮልት ያህል ስለሚይዝ በትክክል በሚያስፈልገን ዝቅተኛ ቮልቴጅ ላይ አይረዳንም።

የተሻለው በሁለት ኤንፒኤን ትራንዚስተሮች (ቤዝ፣ ኢሚተርና ኮሌክተር የተባሉ ሦስት እግሮች ባሏቸው የኮረንት መቆጣጠሪያ ክፍሎች) የሚሠራው ነው። የዋናው ትራንዚስተር ኢሚተር በ130 ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ ኔጌቲቭ ይሄዳል። የሁለተኛው ትራንዚስተር ቤዝና ኢሚተር በዚህ ሬዚስተር ሁለት ጫፎች ላይ ይገናኛሉ፣ ኮሌክተሩ ከዋናው ቤዝ ጋር ይያያዛል። ከፖዘቲቩ ወደ ዋናው ቤዝ 10 ኪሎኦም ይገባል። በ130 ኦሙ ላይ 0.65 ቮልት ሲሞላ ሁለተኛው ትራንዚስተር ዋናውን ማነቅ ስለሚጀምር ኮረንቱ 5 ሚሊአምፔር ላይ ይቆማል። በ10 ኪሎኦሙ በኩል የሚያልፈው ስለሚደመር በ17 ቮልት ወደ 6 ይጠጋል፤ ይህን ልዩነት ዓይን አይለየውም።

ይህ ዑደት የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ለአቅጣጫ መብራት ሁለት መሥራት የሚያስፈልግ ይመስላል፤ ግን አንድ ይበቃል። የሾትኪ ዳዮዶች (ከተራው ዳዮድ ያነሰ ቮልቴጅ የሚበሉ) ያሉት የድልድይ ሬክቲፋየር፣ ማለትም ኮረንቱ በየትኛውም አቅጣጫ ቢመጣ በአንድ አቅጣጫ የሚያወጣ የአራት ዳዮዶች ስብስብ ይውሰዱና የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ እግሮቹን በዚህ ዑደት ሁለት ጫፎች ላይ ያገናኙ። ሁለቱን የኤሲ እግሮች (ኮረንቱ በሁለቱም አቅጣጫ የሚገባባቸውን) ደግሞ ቀድሞ 1.5 ኪሎኦሙ በነበረበት ቦታ ከኤልኢዲ ጥንዶቹ ጋር በተከታታይ ያስገቡ። በኤልኢዲዎቹ በኩል የሚያልፈው ኮረንት የሐዲዱን አቅጣጫ እንደተከተለ ይቀራል፣ በድልድዩ ውስጥ ያለው ዑደት ግን ሁልጊዜ በትክክለኛው አቅጣጫ ያገኘዋል። ሙሉ ድምቀቱ ከ5.5 ቮልት አካባቢ ጀምሮ ይገኛል።

የእርስዎ ሎኮሞቲቭ በ4 ቮልት ስለሚነሣ ገና ጉድለት አለ። ይህን የሚሞላው መፍትሔ በሞተሩ በኩል ነው። ሌላ የድልድይ ሬክቲፋየር ወስደው የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ እግሮቹን እርስ በርስ ይበይዱና የኤሲ እግሮቹን ከሞተሩ ጋር በተከታታይ ያስገቡ፤ በየትኛውም አቅጣጫ 1.4 ቮልት ያስቀራል። ሞተሩ አሁን የሚነሣው 5.4 ቮልት ላይ ይሆናል፣ መብራቱ ግን የሚመገበው ከድልድዩ በፊት ካለው የሐዲድ መስመር ስለሆነ ባቡሩ ሳይንቀሳቀስ በፊት ይበራል። ሹፌሩ መብራቱን አብርቶ ጉዞ ሲጀምር የሚታየው ዓይነት ነው፤ ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታ ይህ ነው። ድልድዩ ሞተሩ ተይዞ መዞር ቢያቅተው የሚወስደውን ኮረንት እንዲችል ለቆየ ሞተር ከ2 አምፔር የማያንስ ይምረጡ። ከከፍተኛው ፍጥነት ጥቂት ይቀነሳል፤ አብዛኞቹ ሞዴሎች ከእውነተኛው ባቡር ሚዛናዊ ፍጥነት በላይ ስለሚሮጡ ጉዳት አለው አልልም።

ይህን ሁሉ ከመሥራትዎ በፊት ግን መቆጣጠሪያዎ ምን ዓይነት እንደሆነ ያጣሩ። አንዳንዶቹ ቮልቴጁን ከፍና ዝቅ ከማድረግ ይልቅ ሙሉውን 12 ቮልት በአጫጭር ምቶች እየቆራረጡ ይልካሉ፣ ፍጥነቱንም በምቱ ርዝመት ይወስናሉ። በእንዲህ ያለው ላይ ኤልኢዲ በዝቅተኛ ፍጥነትም ስለሚበራ ተራው ሬዚስተር ይበቃል። የእርስዎ መብራት በዝቅተኛ ፍጥነት ደክሞ መታየቱ የተለመደው ዓይነት መሆኑን ይጠቁማል።


መልስ — ጭስ አልባ

ስለ ኤሌክትሪኩ የሚጨመር የለኝም፤ ስለ ብርሃኑ መልክ ግን ልናገር፤ በትክክል የተሠራ ዑደት በተሳሳተ ቀለም ሲበላሽ ማየት ያሳዝነኛል። ቆየት ያለ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ እውነተኛው መብራት የክር አምፖል ነበር። ስለዚህ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የሆነውን ሞቅ ያለ ነጭ ይምረጡ። 6000 ኬልቪን የሆነው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሲሆን የሚስማማው የቅርብ ጊዜ ሎኮሞቲቮችን ለሚወክሉ ሞዴሎች ብቻ ነው።

በአምፖሉ ቦታ ባለ 3 ሚሊሜትር ኤልኢዲ ከገባ እሱን ይጠቀሙ፤ ለብየዳ ቀላል ነው፣ ረጅሙ እግር አኖድ መሆኑም በቀላሉ ይለያል። ቦታው ከጠበበ 0603 የሚባለው 1.6 በ0.8 ሚሊሜትር የሆነው ቀድሞ ቀጭን ሽቦ ተበይዶለት ይገኛል። በእነዚህ ላይ ያለው የካቶድ ምልክት ከሠሪ ሠሪ ስለሚለያይ በባለ 9 ቮልት ባትሪና በ1 ኪሎኦም ሬዚስተር ፈትነው ይለዩት። በመበየጃው ብረት ኤልኢዲውን ከ2 ወይም ከ3 ሰከንድ በላይ አያግሉት።

ኤልኢዲ ከክር አምፖሉ ያነሰ ሙቀት ቢኖረውም ስስ ፕላስቲክን አልፎ ስለሚታይ የሎኮሞቲቩ ግንባር በሙሉ ሊያበራ ይችላል። የቀፎውን ውስጥ መጀመሪያ ጥቁር፣ ሲደርቅ በላዩ ነጭ ቀለም ይቀቡ፤ ጥቁሩ ብርሃኑን ያግዳል፣ ነጩ ወደ መስታወቱ ይመልሰዋል። በኤልኢዲውና በሹፌሩ ክፍል መካከልም ግድግዳ ያብጁ፤ የአሉሚኒየም ናስትሮ ከተጠቀሙ ኮረንት እንደሚያስተላልፍ አይዘንጉ፣ ከሽቦዎቹ ይራቅ። ኤልኢዲውን ለማጣበቅ ሱፐር ግሉ አይጠቀሙ፤ ሲደርቅ የሚወጣው ትነት ጥርት ያለውን ፕላስቲክ በነጭ ጉም ያለብሰዋል። ሲደርቅ ጥርት ብሎ የሚቀረው በውኃ የሚሟሟ ሙጫ ይበቃል፣ ኤልኢዲውን መቀየር ሲያስፈልግም በቀላሉ ይላቀቃል።

ኤልኢዲዎቹ በቀፎው ላይ፣ ዑደቱ በሻንሲው ላይ ከተቀመጠ በመካከላቸው የሚነቀልና የሚሰካ ትንሽ ማገናኛ ያድርጉ፣ የሚሰካበትንም አቅጣጫ በቀለም ምልክት ያድርጉበት። ሽቦው ቀፎው ሲነሣ እንዳይበጠስ ጥቂት ትርፍ ይኑረው፤ ትርፉን ግን ከሞተሩ የሚወጣው ዘንግ እንዳይጠመጥመው ከጣሪያው ሥር በናስትሮ ይያዙት።